ደከመኝ ያለውን ሰው ሰነፍ ከማለታችን በፊት

በአገራችን ድካም ክብር ያለው ነገር ነው። ገበሬው ሲያርስ ውሎ ወደ ቤቱ ሲገባ ውሃ የሚያቀርብለት፣ እግሩን የሚያጥበው አይጠፋም። ተማሪው ለፈተና ሲያነብ አምሽቶ ቢያንቀላፋ እናቱ ጋቢ ደርባለት «ዝም በሉ፣ ልጄ ደክሞታል» ትላለች። ይህ ምክንያቱ የታወቀ፣ መድኃኒቱም እንቅልፍ የሆነ ድካም ነውና ማንም አይጠራጠረውም። ነገር ግን ሌላ ዐይነት ድካም አለ። ይኸውም ሌሊቱን ሙሉ የተኛው ሰው ጧት ሲነሣ ሸክም ተሸክሞ እንዳደረ ሁሉ የሚሰማው፣ ቢያርፍም የማይለቀው ነው። ቁስል የለውም፤ ትኩሳትም ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ የሚያየው ሰው ቶሎ የሚሰጠው ስም አንድ ነው፤ እርሱም ስንፍና ይባላል።

በዛሬው ገጻችን ስለዚህ ድካም ልንነጋገር አስበናል። የምንነጋገረውም ከመጽሐፍ ያነበብነውን ብቻ ይዘን አይደለም። በአንድ ወዳጃችን ላይ የደረሰውን፣ እኛም ራሳችን በእርሱ ላይ የሠራነውን በደል ጨምረን ነው።

ይህ ወዳጃችን ከእኛ ጋር ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ወጣት ነው። እኛ ብዕር ስንይዝ እርሱ ደባርቅ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተመደበ። ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት። ሥራውም በወንበር ላይ ብቻ የሚያልቅ አልነበረም። ከደባርቅና ከዳባት ተነሥቶ በሰሜን ተራሮች ግርጌ ወዳሉት ቀበሌዎች መውረድ፣ የወረዱትንም ያህል መልሶ መውጣት ነበረበት። የመጀመሪያውን ዓመት እንደ ፍየል ሲዘል ከረመ። በሁለተኛው ዓመት ግን ጧት ጧት ጣቶቹ አልጨበጥ አሉት፤ እርሳስ ለመያዝ እስኪረፍድ ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነ። ጉልበቱም አበጠ። አንዱ «ብርድ መቶህ ነው»፣ ሌላው «ቁርጥማት ነው፤ ታሽ» ይለው ነበር። በመጨረሻ ጎንደር ሄዶ ሐኪም ቢያየው ሕመሙ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው ሆኖ ተገኘ። በዚህ ሕመም ሰውነትን ከጀርም እንዲጠብቅ የተፈጠረው ዘበኛ ተሳስቶ የገዛ ቤቱን ይወጋል። መገጣጠሚያዎቹ ይቈጣሉ፤ ሐኪሞች ይህን ብግነት ይሉታል።

ሁለት ዐይነት መድኃኒት ታዘዘለት። አንደኛው ሜቶትሬክሴት ነበር፤ ይህ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ፣ ሥራውን ለማሳየት ግን ሳምንታት የሚፈጅ ነው። ሁለተኛው ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ነበር። ይህኛው ፈጣን ነው። የመጀመሪያው እስኪደርስ ድረስ እንደ ድልድይ ያገለግላል። እውነትም በጥቂት ቀናት ውስጥ የወዳጃችን ጣቶች ተፍታቱ። ድካሙ ግን አብሮ አልሄደም።

የእኛ በደል የተሠራው በዚህ ጊዜ ነው። ለጥቂት ቀናት ልንጠይቀው ሄደን፣ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለማየት ወደ ሳንቃበር አብረን ልንወጣ ተቀጣጠርን። በጧት ስንመጣ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። «አልችልም፤ ደክሞኛል» አለን። እኛም በባልደረቦቹ ፊት «እጅህ ድኗል፣ ፊትህም ደልቶት ወፍሯል፤ የቀረህ ስንፍና ብቻ ነው» ብለን ሳቅን። ባልደረቦቹም ሳቁ። እርሱም ከእኛ ጋር ሳቀ።

ፊቱ የወፈረው ከምቾት አልነበረም። ስቴሮይድ በብዛትና ለብዙ ጊዜ ሲወሰድ ፊትን ክብ አድርጎ ያሳብጣል። ወዳጃችን ግን በመስተዋት ፊቱን እያየ፣ የእኛንም ሳቅ እያስታወሰ፣ ድካሙን ያመጣብኝ ይኸው ክኒን ነው ብሎ ደመደመ። ስምንት ወር የወሰደውን መድኃኒት ማንንም ሳያማክር በአንድ ጧት ጣለው። በአምስተኛው ቀን ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲመለስ ማስመለስ ጀመረው፤ ዐይኑ ጨለመበት፤ ከመኪናው ወርዶ መቆም አቃተው። መንገደኞች ተሸክመው ሐኪም ቤት አደረሱት። በደም ሥሩ መድኃኒት ተሰጥቶት ተረፈ። ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ እንደማይተርፍ ሐኪሙ ለእናቱ ነገሯቸው።

የሆነው ነገር እንዲህ ነው። ከኩላሊቶቻችን በላይ እንደ ቆብ የተደፉ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። እነዚህም ኮርቲዞል የተባለውን ንጥረ ነገር በየቀኑ ያመነጫሉ። ያለ እርሱ የደም ግፊታችን አይጸናም፤ በሽታንና ጭንቀትንም ልንቋቋም አንችልም። ጤነኛ ሰው በቀን የሚያመነጨው ወደ 5 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን የሚመጣጠን ነው። ከውጭ በክኒን ብዙ ሲገባ ዕጢዎቹ «የሚሠራልን መጣ» ብለው ይተኛሉ። ለብዙ ሳምንታት ከተኙ በኋላ ክኒኑ በድንገት ቢቋረጥ ወዲያው አይነቁም። ያን ጊዜ ሰውየው የራሱም የውጪውም ሳይኖረው ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ ስቴሮይድን ለብዙ ጊዜ የወሰደ ሰው የሚያቆመው በሐኪም ትእዛዝ፣ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነው። ልክ እንደ ሊማሊሞ መንገድ ነው፤ ገደሉን በጥምዝምዙ እንጂ በቀጥታ አይወርዱትም።

የዚህ መድኃኒት ታሪክም ትምህርት አለው። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1948 መስከረም ወር፣ በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ፣ ፊሊፕ ሄንች የተባለው ሐኪም ከአልጋ መውረድ ላቃታት አንዲት የሩማቶይድ ሕመምተኛ ኮርቲዞንን በመርፌ ሰጣት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሥታ ሄደች። ዓለም ተአምር አለ። በ1950 ሄንች፣ ኤድዋርድ ኬንዳልና ታዴዎስ ራይኽሽታይን የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ሆኖም ብዙ ሳይቆይ የመድኃኒቱ ሌላ ገጽ ታየ፤ ፊት ያብጣል፣ አጥንት ይሳሳል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሲቋረጥም በሽታው ይመለሳል። ከዚያ ወዲህ የሐኪሞች ጥበብ በቂ የሆነውን ትንሹን መጠን፣ በቂ ለሆነው አጭር ጊዜ መስጠት ሆነ።

እዚህም በአገራችን ይህን ትግል የሚያውቁ ብዙዎች አሉ። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1965 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው አለርት ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕመምተኞችን ሲያክም ኖሯል። በዚህ በሽታ ጀርሙ ከሞተ በኋላ እንኳ ሰውነት ተቈጥቶ ነርቭን የሚጐዳበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ እጅና እግርን ከመሽመድመድ የሚያድነው ፕሬድኒሶሎን ነው። ነገር ግን የአንዳንዶቹ ቍጣ ለዓመታት ይመላለሳልና መድኃኒቱም ለዓመታት ይራዘማል። በ2014 ከዚያው ሆስፒታል የወጣ ጥናት እንዲህ ካሉት ሕመምተኞች መካከል የሚሞቱት ከሌሎቹ ይልቅ መብዛታቸውን ገልጦ፣ ከፍተኛ መጠን ያለው ስቴሮይድ ለረዥም ጊዜ መወሰዱን በምክንያትነት ጠቅሷል። እንግዲህ መድኃኒቱ ወዳጅ ነው፤ ግን ሲከበር ብቻ ነው።

ታዲያ ድካሙ ከየት ይመጣል? አንደኛው ምንጭ ብግነቱ ራሱ ነው። የተቈጣው ሰውነት የሚረጫቸው የመልእክት ንጥረ ነገሮች ወደ አንጎል ደርሰው «ተኛ፣ አትንቀሳቀስ» ይላሉ፤ ጉንፋን ሲይዘን የሚሰማን መዝለፍለፍ ከዚሁ የመጣ ነው። ሁለተኛው የደም ማነስ ነው። ብግነት ሰውነት ብረትን በጎተራው ቈልፎ እንዲያስቀምጥ ያደርገዋል፤ ደምም ይቀንሳል። በደባርቅ ከፍታ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያስገባው 70 ከመቶ ያህሉን ብቻ ነውና ደሙ ያነሰ ሰው ዳገቱን እጥፍ ድርብ አድርጎ ይወጣዋል። ሦስተኛው መድኃኒቱ ነው። ስቴሮይድ ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሣል፤ ሲበዛ ደግሞ የጭንና የዳሌን ጡንቻ ያዝላል። ከዱካ ላይ ሲነሡ በእጅ መደገፍ ካስፈለገ ይህ ምልክት ነው። አራተኛው የልብ ሐዘን ነው፤ ሕመሙም ክኒኑም መንፈስን ሊያጨልሙ ይችላሉ። በመጨረሻም የተደበቀ ሌላ በሽታ፣ ለምሳሌ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የስኳር በሽታ፣ ስቴሮይድን ተገን አድርጎ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ አዲስ ድካም ሲመጣ «የለመድኩት ነው» ብሎ መተው አይገባም።

ኑሮን ከዚህ ድካም ጋር እንዴት ማስማማት እንደሚቻል ለወዳጃችን ከሐኪሙ ቀጥሎ ያስተማሩት አንድ ሽማግሌ ናቸው። እኒህ ሰው የእንግዶችን ዕቃ በበቅሎ እየጫኑ ወደ ተራራው ሲያወጡ የኖሩ የደባርቅ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ በቅሎ ዳገቱ ላይ ከወደቀች በኋላ ማሳረፍ ማሳረፍ አይባልም። ሳትደክም ነው የምታሳርፋት። ደኅና ሆና ባየኋት ቀንም ጭነት አልጨምርባትም» አሉት። ሐኪሞችም የሚሉት ይህንኑ ነው። ሕመምተኛ ደኅና በሆነበት ቀን የሳምንቱን ሥራ ሁሉ ልጨርስ ይልና በማግሥቱ ሦስት ቀን ይተኛል። ይህን ትቶ ሥራውን በየቀኑ በእኩል መከፋፈል፣ ከባዱን ሥራ ጉልበት ባለበት ሰዓት ማድረግ፣ በየመካከሉም ሳይደክሙ ዐሥር ደቂቃ ማረፍ ይሻላል። ፈጽሞ መተኛት ደግሞ መልካም አይደለም፤ ጡንቻን ያመነምናል። መጠነኛ እንቅስቃሴ የሩማቶይድ ሕመምተኞችን ድካም እንደሚቀንስ በጥናት ታውቋል። ወዳጃችን በየቀኑ ሩብ ሰዓት በሜዳ ላይ በእግሩ በመሄድ ጀመረ።

ክኒኑንም በሐኪሙ ምክር በጧት፣ ከምግብ ጋር ይወስዳል። በዚህ ላይ ጾም ጥያቄ ሆኖበት ነበር። እናቱ የንስሐ አባታቸውን ጠይቀው «ሕመምተኛ ነው፤ በልቶ ይውሰድ» የሚል መልስ አመጡለት። ጨው ቀነሰ፤ ለአጥንቱ ወተትና ጎመን አዘወተረ። ለራስ ምታት ከሱቅ የሚገዛውን ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሳያማክር መዋጥ ተወ፤ ከስቴሮይድ ጋር ሲደረቡ ጨጓራን አቍስለው ያደማሉና። ትኩሳት ሲይዘው ወይም ክኒኑን ሲያስመልሰው ወዲያው ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። በኪሱም «ፕሬድኒሶሎን እወስዳለሁ» የሚል ካርድ ይዞ ይዞራል። በዚህ አገር ደግሞ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት የቆየ ሳል ወይም የሆድ ትል ያለበት ሰው ለሐኪሙ ይንገር፤ አንዳንዱ ትል የሰውነት ጥበቃ ሲላላ ደም ውስጥ ገብቶ ይገድላልና።

የቀረው የእኛ ፋንታ ነው። በዳባት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1996 ጀምሮ ልደትን፣ ሞትንና የሰዎችን መዘዋወር እየተከታተለ የሚመዘግብበት የምርምር ማዕከል አለ። ልደትና ሞት እንዲህ ይቈጠራሉ። ድካምን ግን የደም ምርመራ አይለካውም፤ ሐኪሙ እንኳ የሚያውቀው ሕመምተኛውን «ከዜሮ እስከ ዐሥር ስንት ትሰጠዋለህ?» ብሎ ነው። እንግዲህ ባለቤቱ ካልተናገረ፣ ሰሚውም ካላመነ ሌላ ምስክር የለውም። ወጣት ሹም የሆንክ አንባቢ ሆይ፣ ከሠራተኞችህ አንዱ ደከመኝ ቢልህ አስቀድመህ ጠይቀው። የወዳጃችን አለቃ ከዚያ ክፉ ቀን በኋላ ያደረጉት ነገር ገንዘብ አላስወጣቸውም። የቁልቁለቱን ቀበሌዎች ለሌላ ሰጥተው ለእርሱ የሜዳዎቹን ሰጡት፤ የጧቱን ስብሰባም ጣቶቹ ወደሚፈቱበት ሰዓት አዛወሩት። ዛሬ ሪፖርቱን ከሁሉ ቀድሞ የሚያስረክበው እርሱ ነው ይባላል።

በቅርቡ ተመልሰን ሄድን። ስላለፈው ይቅርታ ብንጠይቀው «እኔም እኮ ስቄ ነበር» ብሎ አሳፈረን። ሜቶትሬክሴቱ ሥራውን ይዞ፣ ስቴሮይዱ በየወሩ እየተቀነሰ ወደ 5 ሚሊግራም ወርዷል፤ ፊቱም ወደ ቀድሞው መልኩ ሊመለስ ምንም አልቀረው። ወደ ማታ ከከተማው ጥግ ድረስ አብረን ወጣን። ወዳጃችን ግማሽ መንገድ ላይ ሳይደክም ድንጋይ መርጦ ተቀመጠ። እኛም አጠገቡ ተቀመጥን። ገብስ የጫነ አህያ የሚነዳ ጎልማሳ አልፎን ሲሄድ «ምነው፣ ደከማችሁ እንዴ?» አለ።

ወዳጃችን «አዎ፣ ደክሞኛል» ሲል መለሰ። በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም።