ያው 429 ነጥብ፣ ሁለት ሰልፍ

የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም ነው። ኅዳር ላይ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ከጓደኛዬ ጋር ተቀምጠን፣ አንዳንድ ማኪያቶ ብቻ አዝዘን የቤቱን ዋይፋይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስንበላ አመሸን። እሷ ነርስ ናት። እኔ ኢኮኖሚክስ አጥንቼ ያኔ አንድ የግል ባንክ ውስጥ እሠራ ነበር። በዚያ ምሽት ሁለታችንም የካናዳን ኤክስፕረስ ኢንትሪ ፕሮፋይል ሞላን።

ነጥባችን ሲመጣ ተያይተን ሳቅን። እሷም 429፣ እኔም 429። «ኧረ እንዴት እኩል ይሆናል?» ብለን በስልኬ ካልኩሌተር ደመርነው። ሁለታችንም 27 ዓመታችን ነው፤ ላላገባ ሰው የዕድሜው ሙሉ ነጥብ 110። የመጀመሪያ ዲግሪ 120። አይልትስ ላይ ያመጣነው 124። ዲግሪውና ከሦስት ዓመት በላይ የሆነው የሥራ ልምድ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲጣመሩ የሚጨመር ደግሞ 75። ከ1,200 ላይ 429።

«አብረን ነው የምንሄደው በቃ» አለችኝ። እኔም አምኜ ነበር።

ሦስት ወር አልሞላም። ፌብሯሪ 14 ቀን 2024 ካናዳ ለጤና ባለሙያዎች ብቻ አንድ ዙር አወጣች፤ 3,500 ሰው ተጋበዘ፣ መቁረጫ ነጥቡ 422። ጓደኛዬ ገባች። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ለሁሉም ሰው የወጣው ዙር መቁረጫ ነጥብ ስንት እንደነበር ታውቃላችሁ? 535። ከእኔ በ106 ነጥብ ይበልጣል። እሷ «የፍቅረኞች ቀን ስጦታ» ብላ ስክሪንሾት ስትልክልኝ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያ ስሜቴ ደስታ አልነበረም። ደስታው የመጣው ታክሲ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ግን ይሄ ሰልፍ ነው ወይስ ሎተሪ?» ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ሁለቱም አይደለም። ኤክስፕረስ ኢንትሪ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2015 ሲጀመር ዋና ሐሳቡ ሰልፉን ማጥፋት ነበር። ሁሉም ሰው ቋት ውስጥ ይገባል፣ ከላይ ያለው ይጠራል፣ ያልተጠራ ዓመት ሲሞላው ፕሮፋይሉ ይዘጋል። ቀድሞ መመዝገብ የሚጠቅመው ነጥባችሁ ልክ መቁረጫው ላይ ከሌሎች ጋር እኩል ሲሆን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ደግሞ በዚያው ቋት ውስጥ ልዩ በሮች ተከፈቱ፤ ለጤና፣ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ለእጅ ሙያ፣ ለትራንስፖርት፣ ለግብርና እና ለፈረንሳይኛ ተናጋሪ። «ኢኮኖሚስት» የሚል በር ፈለግኩ። የለም።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ከዚያ በፊት የነበረውን ማወቅ ያስፈልጋል። እኔም የገባኝ ያንን ሳነብ ነው። ድሮ የካናዳ የሠለጠነ ሠራተኛ ፕሮግራም ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል በሚለው መንገድ ነበር የሚሠራው። የመጣውን ማመልከቻ ሁሉ መመርመር ግዴታ ነበር። በዓመት ከሚሰጠው ቪዛ ይልቅ የሚገባው ማመልከቻ ሲበልጥ ፋይሉ ተከመረ። አንዳንዱ ሰው ሰባትና ስምንት ዓመት ጠበቀ። በ2008 ሕጉ ተቀየረና ማን ቅድሚያ እንደሚያገኝ የመወሰን ሥልጣን ለሚኒስትሩ ተሰጠ። በ2012 ደግሞ ከፌብሯሪ 27 ቀን 2008 በፊት ገብተው ውሳኔ ያላገኙት ማመልከቻዎች በሕግ ተሰረዙ። በጠቅላላው ወደ 280 ሺህ ሰው፣ ቤተሰብ ጭምር። የከፈሉት ተመለሰላቸው፤ ያለፈባቸው ዓመት ግን አልተመለሰም። ከመካከላቸው የከሰሱ ነበሩ፣ ተሸነፉ።

አባቴ የ2005 የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ነው። ይህን ታሪክ ሳጫውተው ጋዜጣውን አጥፎ «ታዲያ እነሱስ ቢያንስ ብራቸው ተመልሶላቸዋል» ብሎ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ፣ ይቅርታ፣ የተማርኩት ይሄ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት በቀን 10 ፋይል ይጨርሳል እንበል። ቅድሚያ የሚሰጣቸው በቀን 4 ቢመጡ ለሌሎቻችን 6 ይተርፋል። ቅድሚያ ያላቸው 8 ሲሆኑ 2 ይተርፋል፤ ከኋላ ያለው ሰልፍ ወደ ፊት መሄዱን ትቶ ይረዝማል። ቅድሚያ ያላቸው በቀን 10 የሆኑ ዕለት ደግሞ የእኛ ሰልፍ ይቆማል። አስተውሉ፣ ማንም «አንቀበላችሁም» አላለንም። በሩ ክፍት ነው፣ ተራው ብቻ አይደርስም። ስለዚህ «የመቆያ ጊዜው ስድስት ወር ነው» ሲባል ለየትኛው ሰልፍ እንደሆነ፣ የሚቆጠረውም ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠይቁ። የካናዳው ስድስት ወር የሚጀምረው ተጋብዛችሁ ሙሉ ማመልከቻ ካስገባችሁ በኋላ ነው። ቋት ውስጥ የምትቀመጡበት ጊዜ አይቆጠርም። እኔ ቋት ውስጥ ሁለት ዓመት አለፈኝ፤ በዚያ አቆጣጠር ገና አንድም ቀን አልጠበቅኩም።

ሌሎቹ አገሮችም የየራሳቸው ጨዋታ አላቸው። አውስትራሊያ በኦክቶበር 2022 ባወጣችው መመሪያ የጤናና የመምህርነት ሙያ ያላቸውን ከፊት አድርጋ ነበር። የአሜሪካው የበለጠ ይገርማል። ቀጣሪ ለሠራተኛው የሚያስገባው ፔቲሽን በቶሎ እንዲታይ ገንዘብ መክፈል ይቻላል፤ በ2024 መጀመሪያ ዋጋው 2,805 ዶላር ነበር፣ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ። ግን የተፋጠነው ወረቀቱ ነው እንጂ ተራው አይደለም። በሥራ የሚገኘው ግሪን ካርድ በዓመት 140 ሺህ አካባቢ ነው፣ ከአንድ አገር ለተወለዱ የሚደርሰው ደግሞ በመርህ ደረጃ ከ7 በመቶ አይበልጥም። ስለዚህ ህንድ የተወለደ ኢንጂነር ከፍሎ በ15 ቀን «ተፈቅዷል» ይባልና ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ይሰለፋል። ብዙም ሰው ስለማይልክ ኢትዮጵያ የተወለደ ሰው ከዚያ ረጅም ሰልፍ ውጪ ነው። የትውልድ ቦታችን ሰልፍ ያሳጠረልን አንድ ቦታ ቢኖር እሱ ነው።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ፤ ተጋበዘች ማለት ደረሰች ማለት አይደለም።

ከተጋበዙ በኋላ 60 ቀን ነው ያለው። የፖሊስ ማስረጃ፣ የጤና ምርመራ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ ከዚያ ትልቁ፣ ደርሶ መቋቋሚያ ገንዘብ። ለአንድ ሰው ያኔ ወደ 14 ሺህ የካናዳ ዶላር ነበር። በወቅቱ የባንክ ምንዛሪ ወደ 590 ሺህ ብር ይመጣል። ስድስት ዓመት ያጠራቀመችው ላይ ወንድሟ ጨምሮላት 600 ሺህ ብር ሞላች። ሚያዝያ ላይ አስገባች።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንት 100ን አለፈ። እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ ስለ ወጪ ንግድ ተወዳዳሪነት ሪፖርት እጽፋለሁ፣ እሷ ደውላ «አንተ ኢኮኖሚስት ነህ አይደል፣ ብሬ የት ሄደ?» አለችኝ። ብሩማ አልሄደም፣ 600 ሺህ ብር እዚያው አካውንቷ ውስጥ ነው። በካናዳ ዶላር ሲቆጠር ግን ግማሽ ሆኗል። ገንዘቡ ደግሞ ባመለከቱበት ቀን ብቻ ሳይሆን ቪዛው እስኪሰጥ ድረስ መኖር አለበት። ጥቅምት ላይ የታደሰ የባንክ ማስረጃ አምጪ ተባለች።

የመጀመሪያው ሐሳብ እቁብ ነበር። የሆስፒታሉ ነርሶች ትልቅ እቁብ አላቸው፤ ዳኛዋ «የመጀመሪያውን ዕጣ ለአንቺ እንስጥሽ» አለች። ደግ ሴት። ችግሩ፣ ሕጉ የተበደሩት ገንዘብ አይቆጠርም ይላል። ቀድሞ የወጣ እቁብ ምንድን ነው? ገና ያልከፈልሽውን ነው የወሰድሽው፤ እንደተማርኩት ከሆነ ብድር ነው፣ ወለድ የሌለው ብድር። ይህን ለአንድ ሰዓት ያህል በስልክ ተከራከርን። «እቁብ ብድር ነው ያልከውን እናቴ እንዳትሰማ» ብላ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። እቁቡን ተወችው። በመጨረሻ ጅዳ ያለችው ታላቅ እህቷ ለራሷ ቤት መሥሪያ ብላ ያስቀመጠችውን ሪያል አንስታ ሰጠቻት፣ «ስጦታ ነው፣ አይመለስም» የሚል የተፈረመ ደብዳቤ ጋር። ደብዳቤው እውነት ነበር። እህቷ እስከ ዛሬ ስለዚያ ብር አንስታ አታውቅም። ቤቱ ግን መሠረቱ ላይ እንደቆመ ነው።

ቪዛዋ ዘጠነኛው ወር ላይ መጣ።

መሀል ላይ ስለ ደላሎች ሳልናገር አላልፍም፣ ምክንያቱም ቴሌግራም ላይ በየቀኑ የምታዩት እነሱን ነው። እኔንም አንድ «አማካሪ ነኝ» ባይ 80 ሺህ ብር ከፍዬ ሰልፉን እንድዘል ጠይቆኝ ነበር። በኤክስፕረስ ኢንትሪ ለቋሚ ነዋሪነት ከፍሎ ቀድሞ የሚስተናገዱበት መስኮት የለም። የሉም ብቻ ሳይሆን፣ ያ ሰውዬ ሲሸጠው የነበረው «የሥራ ቅጥር ደብዳቤ» ያስገኝ የነበረው 50 ወይም 200 ነጥብ ከማርች 25 ቀን 2025 ጀምሮ ከነጥቡ ውስጥ ወጥቷል። ካናዳ ራሷ ያወጣችበት አንዱ ምክንያት በዚህ ደብዳቤ የሚነገደው ንግድ ነው። ሰውዬው ግን ማስታወቂያውን አላነሳም።

ጓደኛዬ አሁን ኤድመንተን ናት። ቅድሚያ ያገኘችው ነርስ በመሆኗ ነው ብያችኋለሁ አይደል? እንግዲህ እዚያ ደርሳ ነርስ አይደለችም። ቪዛውን የሚሰጠው የፌዴራል መንግሥት ነው፣ የነርስነት ፈቃዱን የሚሰጠው ግን የየክፍለ ሀገሩ ሙያ ማኅበር ነው። ሁለተኛ ሰልፍ። ትራንስክሪፕት ከዩኒቨርሲቲዋ በቀጥታ መላክ አለበት፤ ለዚህ እኔ ነኝ ስመላለስ የነበርኩት፤ ከዚያ ግምገማ፣ ከዚያ ፈተና። እስከዚያው በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ በረዳትነት ትሠራለች። «ለሽማግሌዎቹ ሻይ ሳቀርብ አንዳንዴ የደም ግፊታቸውን በዓይኔ እለካለሁ» አለችኝ በቀደም። ለአገሯ ጠፍታ ለእነሱም ሙሉ በሙሉ አልደረሰችም። እዚህ የነበረችበት ዋርድ ደግሞ በእሷ ቦታ ሰው እስኪቀጠር አምስት ወር እንደጠበቀ አብራት የምትሠራ የነበረች ልጅ ነግራኛለች።

እኔስ? የአይልትስ ውጤቴ ሁለት ዓመት ስለሞላው ጥቅምት ላይ አለፈበት፣ እንደገና መፈተን አለብኝ። ሰኔ ላይ 30 ይሞላኛል፤ የዚያን ዕለት 110 የነበረው የዕድሜ ነጥቤ 105 ይሆናል፤ ከዚያ በየዓመቱ አምስትም ስድስትም እየሆነ ይወርዳል። ልደት እንዲህ የሚያስፈራ ነገር እንደሚሆን ማን ያውቅ ነበር።

አንድ በር ግን አለ። ፌብሯሪ 28 ቀን 2024 የአጠቃላዩ ዙር መቁረጫ 534 ነበር። በማግሥቱ ለፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች የወጣው ዙር 336። በአንድ ሌሊት የ198 ነጥብ ልዩነት! በአራቱም ክህሎት ሰባተኛውን ደረጃ ካመጣሁ ፈረንሳይኛው ራሱ 62 ነጥብ ይጨምርልኛል፣ 491 እሆናለሁ፣ በዚያም ላይ አጭሩ ሰልፍ ውስጥ እገባለሁ። ካናዳ ይህን በር የከፈተችው ከኩቤክ ውጪ ያሉት ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ቁጥራቸው እንዳይመነምን ብላ ነው፤ እኔን አስባ አይደለም።

አያቴ ድሬዳዋ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። በዚያ መስመር የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር ልጆቻቸውን ሲቆጡ እንኳ በፈረንሳይኛ ነበር። አባቴ ከእሳቸው የወረሰው ስድቡን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ከዜሮ ጀምሬ በሳምንት አራት ቀን፣ ከሥራ በኋላ፣ በለገሃር በኩል እያለፍኩ ክላስ እገባለሁ። የመጀመሪያው ቀን አስተማሪያችን «የምታውቁት የፈረንሳይኛ ቃል አለ?» ስትል ማንም እጁን አላወጣም። እሷም በመስኮቱ ወደ ታክሲዎቹ አመለከተች፤ ረዳቱ «ለገሃር፣ ለገሃር!» እያለ ይጠራል። ላ ጋር፣ ባቡር ጣቢያው።

ፈተናው ሚያዝያ ላይ ነው። ለጓደኛዬ ስነግራት በድምፅ መልእክት «ቦንዡር ሙሴ» ብላ ላከችልኝ፣ ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ ሲስቁ ይሰማል።