የልጅ ላንቃ ሳይገጥም

ጤናማ የአፍ አገጣጠም ባለው ልጅ ላይ የላይኞቹ ጥርሶች፣ አክንባሎ ምጣዱን እንደሚከድን፣ የታችኞቹን ከውጭ በኩል በጥቂቱ አልፈው ይገጥማሉ። የላይኛው መንጋጋ ሲጠብ ግን የጎን ጥርሶች ከታችኞቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ሐኪሞች ክሮስባይት ይሉታል። ብዙ ልጆች ጥርሳቸው አልገጥም ሲላቸው አገጫቸውን ወደ አንድ ጎን ሸርተት አድርገው ይነክሳሉ፤ እንዲህ እየነከሱ ካደጉ መንጋጋቸው ወደዚያው ሊያጋድል ይችላል። «ሲያድግ ይስተካከላል» ማለት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

የጠበበው የላይኛው መንጋጋ የሚስተካከለው ላንቃን በማስፋት ነው። ላንቃ አንድ ወጥ አጥንት ይመስላል እንጂ ግራና ቀኝ ያሉ አጥንቶች መሃል ላይ የተጋጠሙበት ነው። መጋጠሚያው በልጅነት ገና ለጋ ነው፤ በጉርምስና እየጠነከረ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ ለማስፋት ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1860 የሳን ፍራንሲስኮው የጥርስ ሐኪም ኤመርሰን ኤንጀል አንዲት የ14 ዓመት ልጅ አፍ ውስጥ ብሎን አስገብቶ ላንቃዋን በሁለት ሳምንት እንዳሰፋ ሲጽፍ ብዙዎች ተጠራጠሩት። ዛሬ የተለመደ ሕክምና ነው።

ላንቃን የሚያሰፋው መሣሪያ ከመንጋጋ ጥርሶች ጋር ይጣበቃል፤ መሃሉ ላይ ትንሽ ብሎን አለው። ብሎኑን ቤት ውስጥ በቁልፍ የሚያዞሩት አብዛኛውን ጊዜ ወላጆች ናቸው። ልጁን በጀርባው አስተኝተው፣ የስልክ መብራት አብርተው፣ ሽቦ መሳዩን ቁልፍ ከፊት ባለው ቀዳዳ ይከቱና ወደ ጉሮሮው አቅጣጫ ይገፉታል። ቀጣዩ ቀዳዳ ከፊት ብቅ ሲል አንዱ ሩብ ዙር አለቀ፤ ላንቃው በ0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ተለጠጠ ማለት ነው። ቁልፉን ሲያወጡ ወደ ፊት መሳብ የለም፣ ያዞሩትን ይመልሰዋል። ቁልፉ እጀታ ከሌለው፣ ልጁ እንዳይውጠው ክር ይታሰርበት። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚወስነው ሐኪሙ ብቻ ነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ በሁለቱ የፊት ጥርሶች መካከል ክፍተት ይታያል። ወላጆችን የሚያስደነግጠው ይህ ነው፤ እኔ ግን ደስ ሊላቸው ይገባል እላለሁ፤ መጋጠሚያው መከፈቱን ያሳያልና። ጥርሶቹ በኋላ መልሰው ይቀራረባሉ።

ማዞሩ በጥቂት ሳምንታት ቢያበቃም መሣሪያው ለወራት አፍ ውስጥ ይቆያል። በተከፈተው መሃል አዲስ አጥንት እስኪሞላ ካልተጠበቀ ላንቃው መልሶ ይጠባል። እስከዚያ ማስቲካና ደረቅ ቆሎ ይቅር፤ መሣሪያውን ያላቅቁታል።