የፍቺ መዝገብ፦ የሚባለውና እውነታው

በኢትዮጵያ የፍቺ ዋና ማስረጃ ፍቺውን በወሰነው ፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ያለው ውሳኔ ነው። ይህ ውሳኔ ለዓመታት ፈላጊ ሳይኖረው ይቆያል። እንደገና ለማግባት፣ ቤት ለመሸጥ፣ በውርስ ክርክር መብትን ለማስከበር ወይም የቤተሰብ ቪዛ ለመጠየቅ ሲታሰብ ግን ያለ እሱ ጉዳዩ አይንቀሳቀስም። ስለ መዝገቡ ከሰው ወደ ሰው የሚነገሩ የተሳሳቱ ግንዛቤዎች ባለጉዳዮችን ለእንግልትና ለወጪ ይዳርጋሉ፤ አንዳንዶቹም መብት ያሳጣሉ። ዋና ዋናዎቹ ከእውነታው ጋር እንደሚከተለው ቀርበዋል።

1. «በሽማግሌ ፊት ስለተፈራረሙ ተፋተዋል»

ባልና ሚስት ንብረት ተካፍለው፣ ምስክር አስቀምጠው የተፈራረሙበት ወረቀት በብዙ ቤት ይገኛል። ወረቀቱ ስምምነታቸውን ያሳያል፤ ጋብቻውን ግን አያፈርስም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጥቷል። ተጋቢዎቹ በስምምነት ለመፋታት ቢቆርጡም ስምምነታቸው ለፍርድ ቤት ቀርቦ መጽደቅ አለበት። ፍርድ ቤቱ ያነጋግራቸዋል፤ ካስፈለገም ነገሩን እንደገና እንዲያስቡበት ከሦስት ወር ያልበለጠ ጊዜ ይሰጣቸዋል። የሽማግሌዎች ድርሻ ማስታረቅ ነው።

ግንዛቤው ሥር የሰደደው በምክንያት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበር። ስለዚህ ከ1992 ዓ.ም. በፊት የተፋቱ ሰዎች እጅ ያለ የሽማግሌዎች ውሳኔ በጥንቃቄ ሊጠበቅ የሚገባው ሰነድ ነው። ውሳኔው በጊዜው ለፍርድ ቤት ቀርቦ ከነበረ ወይም ንብረቱ በፍርድ ቤት ክርክር ከተነሣበት የዚያ ክርክር መዝገብም ፍቺውን ለማስረዳት ይጠቅማል።

ሁለት ነገሮች መጨመር አለባቸው። አንደኛ፣ ከላይ የተጠቀሰው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጣሉ፤ ለምሳሌ የአማራ ክልል የራሱን በ1995 ዓ.ም. አውጥቷል። ሁለተኛ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል። በሁለቱም ወገን ፈቃድ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የታየ ፍቺ መዝገቡ የሚፈለገው እዚያው ሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው።

2. «ብዙ ዓመት ተለያይቶ የኖረ እንደተፋታ ይቆጠራል»

ዓመት መቁጠር ብቻውን ጋብቻን አያፈርስም። እርግጥ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ ለረጅም ጊዜ ተለያይተው ሌላ ትዳር የመሠረቱ ሰዎችን የቀድሞ ጋብቻ እንደፈረሰ የቆጠረባቸው ውሳኔዎች አሉ። እነዚህ ውሳኔዎች የተሰጡት ግን በክርክር፣ ምስክርና ማስረጃ ተመዝኖ ነው። ብዙውን ጊዜ ጥያቄው የሚነሣው አንደኛው ወገን ከሞተ በኋላ፣ ወራሾች ሲከራከሩ ነው። ያን ጊዜ ስለ መለያየቱ በቅርብ የሚያውቁት ሰዎች ላይገኙ ይችላሉ።

ውሳኔ ሳይኖር ሌላ ጋብቻ መፈጸም ደግሞ ከባድ ነገር ያስከትላል። በጋብቻ ላይ ጋብቻ በቤተሰብ ሕጉ የተከለከለ ነው፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 650ም ያስቀጣል። ስለዚህ «ተፋተናል» የሚል ሰው በእርግጥ የተወሰነ ፍቺ መኖሩን መዝገቡን ፈልጎ ማረጋገጡ ተገቢ ነው። ክስ ተከፍቶ በመሃል የተቋረጠበት፣ ባለጉዳዮቹ ግን ፍቺው እንዳለቀ የሚያምኑበት ሁኔታ ያጋጥማል። እንዲህ ዓይነቱ መዝገብ ቢገኝም በውስጡ የፍቺ ውሳኔ የለም።

3. «የፍቺ ወረቀት የሚሰጠው ወረዳ ነው»

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ሰነዶች ይምታታሉ። አንደኛው የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ነው። ሁለተኛው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት የሚሰጠው የፍቺ ምስክር ወረቀት ነው። ፍቺ እንደ ልደት፣ ጋብቻና ሞት ሁሉ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የሚመዘገብ ኩነት ነው። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲሆን ምስክር ወረቀቱ የሚሰጠው የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ግልባጭ መሠረት አድርጎ ነው። ግልባጭ ሳይዝ ኩነቱን ወደሚመዘግበው የክብር መዝገብ ሹም የሄደ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ይመለሳል።

ውሳኔው በተሰጠ በ30 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ ወቅታዊ ምዝገባ ይባላል። ጊዜው ካለፈም በዘገየ ምዝገባ ማስመዝገብ ይቻላል። የምስክር ወረቀቱ አጭር ነው፤ የተፋቺዎቹን ማንነትና የፍቺውን ቀን ይናገራል። ልጆች ለማን እንደተሰጡ፣ ቀለብ ስንት እንደሆነ፣ ንብረት እንዴት እንደተከፈለ የሚገኘው ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ነው። ስለዚህ ሰነዱን የጠየቀው መሥሪያ ቤት የሚፈልገው የቱን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ምልልስ ይቀንሳል፤ የውጭ አገር ኤምባሲዎች ሁለቱንም ሊጠይቁ ይችላሉ።

4. «መዝገቡ ጋብቻው የተፈጸመበት ቦታ ይገኛል»

ጎንደር ተጋብተው አዲስ አበባ የኖሩ ባልና ሚስት የፍቺ መዝገባቸው ጎንደር አይገኝም። የጋብቻ መዝገብና የፍቺ መዝገብ የተለያዩ ተቋማት ሥራ ናቸው። የፍቺ ክስ ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው ተከሳሹ በሚኖርበት አካባቢ ላለ ፍርድ ቤት ነው፤ መዝገቡም ጉዳዩን ባየው ፍርድ ቤት ይቀመጣል። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይህን ሥልጣን የያዘው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሲሆን በአዲስ አበባ እንደ ልደታ፣ አራዳ፣ ቦሌና የካ ባሉ ምድብ ችሎቶች ይሠራል። በክልሎች በአብዛኛው የወረዳ ፍርድ ቤት ነው።

ፍለጋው መጀመር ያለበት «በተለያዩበት ዓመት የት ይኖሩ ነበር?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ጉዳዩ በይግባኝ ወደ ላይ ሄዶ ከነበረ የይግባኙ ፍርድ ቤትም የራሱ መዝገብ ቁጥር ይኖረዋል፤ ውሳኔው በይግባኝ ተሻሽሎ ከሆነ የታችኛው ፍርድ ቤት ግልባጭ ብቻውን ሙሉ ማስረጃ አይሆንም።

5. «መዝገብ ቁጥር የጠፋበት ሰው ተስፋ የለውም»

መዝገብ ቁጥር ፍለጋውን እጅግ ያቀላል። በውሳኔው ራስጌ፣ በመጥሪያ፣ በክስ ማመልከቻ፣ በቀጠሮ ወረቀት፣ በጠበቃ ፋይል ላይ ተጽፎ ይገኛል። እነዚህ ሁሉ ከሌሉ መዝገብ ቤቱ በተከራካሪዎቹ ስም መፈለግ ይችላል። ለዚህ የሁለቱም ወገን ሙሉ ስም ከነአያት፣ ክሱ የቀረበበት ወይም የተወሰነበት ዓመት፣ ከሳሽና ተከሳሽ ማን እንደነበሩና ከተቻለ ችሎቱ ያስፈልጋሉ።

ዘመን አቆጣጠር ላይ ስሕተት በብዛት ይፈጠራል። ውጭ አገር የኖሩ ሰዎች ዓመቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እያሰቡ ይናገራሉ፤ መዝገቡ ግን የሚፈለገው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ፈላጊውን ወደ ሌላ የመዝገብ ጥራዝ ይመራዋል። የስም አጻጻፍም እንዲሁ ነው፤ በፓስፖርት ላይ ያለው ስም በክሱ ላይ ካለው ጋር የማይገጥም ከሆነ ሁለቱንም በማመልከቻው ላይ መጻፍ ይገባል። ቅርብ ጊዜ የተከፈቱ መዝገቦች በኮምፒውተር ይፈለጋሉ፤ የቆዩት በእጅ በተጻፉ የመዝገብ መያዣ ደብተሮች ውስጥ ስለሚገኙ ተጨማሪ ጊዜ ይጠይቃሉ።

6. «መዝገቡ ስለተዘጋ ከእንግዲህ አይገኝም»

«መዝገቡ ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» የሚለው የውሳኔ መዝጊያ ብዙዎችን ያስደነግጣል። ትርጉሙ ጉዳዩ በችሎቱ መታየቱ አብቅቷል ማለት ብቻ ነው። የተዘጋ መዝገብ በማመልከቻ ከመዝገብ ቤት ይወጣል፤ ግልባጭም ይሰጥበታል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ባለጉዳዩ የመዝገብ ቁጥሩን፣ የተከራካሪዎቹን ስም፣ ውሳኔው የተሰጠበትን ቀንና የሚፈልገውን ሰነድ የሚገልጽ አጭር ማመልከቻ ከመታወቂያው ጋር ለፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ያቀርባል። መዝገቡ ከወጣና ግልባጩ እንዲሰጥ ከተፈቀደ በኋላ የግልባጭ ክፍያ ይከፈላል፤ ሰነዱም ተገልብጦ «ትክክለኛ ግልባጭ» መሆኑ በፊርማና በፍርድ ቤቱ ክብ ማኅተም ይረጋገጣል። በነሐሴና በመስከረም ፍርድ ቤቶች በከፊል ዝግ ስለሚሆኑ ማስረጃው ለቀጠሮ የሚፈለግ ከሆነ ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

7. «ፎቶ ኮፒው ይበቃል፤ አንዱ ገጽም ይበቃል»

ማኅተም የሌለው ፎቶ ኮፒ መዝገቡን ለመፈለግ ይረዳል እንጂ ለመሥሪያ ቤት ማስረጃ አይሆንም። ከዚህ ሌላ አንድ ፍቺ ከአንድ በላይ ሰነድ ሊኖረው ይችላል። ፍርድ ቤት በመጀመሪያ ፍቺውን ይወስናል፤ የንብረት ክፍፍሉ፣ የልጆች አስተዳደግና ቀለብ በኋላ፣ አንዳንዴም በሌላ መዝገብ ይወሰናሉ። በስምምነት በተደረገ ፍቺ የጸደቀው ስምምነት የውሳኔው አካል ስለሆነ ግልባጩ ሲጠየቅ አብሮ መጠየቅ አለበት።

ቤት ለመሸጥ የሚፈልግ ሰው ይህን ልዩነት ማወቅ ይጠቅመዋል። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥም የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። የፍቺ ውሳኔው ጋብቻው መፍረሱን ያሳያል፤ ቤቱ ለማን እንደደረሰ የሚያሳየው የክፍፍሉ ውሳኔ ነው። በውሳኔው ላይ ያለው ቀንም ዋጋ አለው። ሴት ቀድሞ የነበራት ጋብቻ ከፈረሰ 180 ቀን ሳይሞላ እንደገና እንዳታገባ ሕጉ ይከለክላል፤ እርጉዝ አለመሆኗ በሕክምና ከተረጋገጠና በሌሎች በሕግ በተዘረዘሩ ሁኔታዎች ግን ገደቡ አይሠራም።

8. «የቀድሞው ባል ወይም ሚስት ካልፈቀደ ግልባጭ አይሰጥም»

ሁለቱም የመዝገቡ ተከራካሪዎች ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ፈቃድ ሳይጠይቅ ግልባጭ ማውጣት ይችላል። ይህን ባለማወቅ በተለይ ሴቶች ከቀድሞ ባላቸው ጋር ዳግም ለመገናኘት በመፍራት መብታቸውን ሳይጠይቁ ይቀራሉ። ክሱን ያቀረበው ማን እንደሆነ፣ ማንስ እንደተረታ፣ ልዩነት አያመጣም።

ተቃራኒው እምነት፣ ማንም ሰው የማንንም የፍቺ መዝገብ ገልብጦ መውሰድ ይችላል የሚለውም ልክ አይደለም። መዝገቡ የቤተሰብን ምስጢር፣ የልጆችን ጉዳይና የሀብትን ዝርዝር ይይዛል። ሦስተኛ ወገን፣ ለምሳሌ ወራሽ ወይም ንብረት ገዢ፣ ከጉዳዩ ጋር ያለውን ጥቅም ማስረዳት ይኖርበታል። በሌላ ፍርድ ቤት ክርክር ላይ ያለ ሰው ደግሞ ያ ፍርድ ቤት የፍቺው መዝገብ ተልኮ እንዲቀርብ እንዲያዝለት ያመለክታል።

9. «ውጭ አገር ያለ ሰው ራሱ ካልመጣ አይሆንለትም»

በዋሽንግተን፣ በዱባይ ወይም በሮም የሚኖር ሰው ዘመዱን ወይም ጠበቃ መወከል ይችላል። ውክልናው በሚኖርበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይዘጋጃል፤ አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ ተቋም በኩል ያልፋል። በውክልናው ላይ ከፍርድ ቤት መዝገብ የማስወጣትና ግልባጭ የመቀበል ሥልጣን በግልጽ ካልተጻፈ ወኪሉ ከሬጅስትራሩ ፊት ሊመለስ ይችላል።

ግልባጩ ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ በተቀባዩ አገር ቋንቋ መተርጎምና መረጋገጥ ይኖርበታል። ለምሳሌ ለአሜሪካ የኢሚግራንት ቪዛ ያመለከተ ሰው ቀድሞ የነበሩት ጋብቻዎች ሁሉ መፍረሳቸውን በሰነድ ማሳየት አለበት። ሁለት ጊዜ የተፋታ ሰው ሁለት ውሳኔ ያቀርባል።

10. «ውጭ አገር የተሰጠ ፍቺ ኢትዮጵያ ውስጥ እንዳለ ይሠራል»

ውጭ አገር የተሰጠ ፍርድ በኢትዮጵያ እንዲፈጸም የሚፈልግ ሰው ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያመለክታል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 456 ጀምሮ መስፈርቶቹን ያስቀምጣል፦ ፍርዱን የሰጠው ፍርድ ቤት በሕግ የተቋቋመ መሆን፣ ተከሳሹ ቀርቦ የመከላከል ዕድል ማግኘቱ፣ ፍርዱ የመጨረሻ መሆኑ፣ ከሕዝብ ሞራልና ጸጥታ ጋር አለመቃረኑና ያ አገርም የኢትዮጵያን ፍርድ የሚፈጽም መሆኑ። ከማመልከቻው ጋር የተረጋገጠ የፍርዱ ግልባጭና የመጨረሻ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይያያዛሉ።

እዚህም ፍለጋው የሚጀምረው ከፈረደው ፍርድ ቤት ነው። በአሜሪካ የፍቺ መዝገብ በአገር አቀፍ ቢሮ አይቀመጥም፤ ለምሳሌ በሜሪላንድ የሚጠየቀው ጉዳዩን ባየው የካውንቲ ሰርኪዩት ኮርት የጸሐፊ ቢሮ ነው። በእስራኤል በአይሁዳውያን መካከል የሚፈጸም ፍቺ በረቢዎች ፍርድ ቤት ስለሚታይ ማስረጃውም ከዚያ ይወጣል።

11. «ፍርድ ቤት ስላለ ቤት ማስቀመጥ አያስፈልግም»

መዝገብ በእሳት፣ በጎርፍ፣ በጦርነት፣ በመሥሪያ ቤት መዛወር ሊጎዳ ወይም ሊጠፋ ይችላል። በዚህ ጊዜ የተበላሸውን መዝገብ ለመተካት ጠቃሚው መነሻ በባለጉዳዮቹ እጅ ያለው ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ ነው። ስለዚህ ውሳኔው እንደተሰጠ ከአንድ በላይ ትክክለኛ ግልባጭ ማውጣት፣ ፍቺውን በ30 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ፣ የመዝገብ ቁጥሩን፣ የችሎቱን ስምና የውሳኔውን ቀን ለብቻው ጽፎ ማስቀመጥ ይገባል። ይህን ያደረገ ሰው ግልባጩ ቢጠፋበት እንኳ መዝገቡን በቁጥሩ ፈልጎ ያስወጣል፤ መዝገቡ ቢጠፋም በእጁ ያለውን ግልባጭ ያቀርባል።