ስለ ላንቴ ሐይቅ ዳርና ስለ አዞ እናትነት

ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተ ሰሜን፥ በአባያ ሐይቅ ምዕራባዊ ዳር፥ ላንቴ የሚባል የጋሞ ቆላ ቀበሌ ይገኛል። ምድሩ ለም ነው፤ ሙዙም የታወቀ ነው። በእርሻውና በሐይቁ መካከል ያለውን ረግረግ ግን የሚያስበው ጥቂት ሰው ነው። እኛም ዛሬ ለማስታወስ የምንወደው ይህንኑ ነው።

ረግረግ ሥራ ፈት ምድር ይመስላል፤ ነገር ግን ባለ ብዙ ሥራ ነው። በክረምት ወንዞች ከጋሞ ተራሮች አፈር ጠርገው ሲወርዱ፥ ቄጠማው ደለሉን ይዞ ያስቀራል። የአባያ ውሃ ቀላ ብሎ መታየቱ ከደለሉ ብዛት ነው። የዓሣ ጫጩት በቄጠማው ሥር ተሸሽጎ ያድጋል፤ ወፎች ጎጆ ይሠሩበታል፤ ጉማሬም ቀን በውሃው ውሎ ሌሊት በዳርቻው ሣር ይግጣል።

አዞ ግን የሚነገርለት ጭካኔው ብቻ ነው፤ እናትነቱን የሚያውቅ ጥቂት ነው። እናቲቱ በዳርቻው አሸዋ ቆፍራ፥ ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 80 የሚደርስ እንቁላል ጥላ ትቀብራለች፤ 3 ወር ያህልም ከአጠገቡ ሳትርቅ ትጠብቃለች። ጫጩቶቹ ወንድ ወይም ሴት የሚሆኑት እንደ አሸዋው ሙቀት ነው። ጊዜው ሲደርስ ገና በእንቁላሉ ውስጥ ሳሉ ይጮኻሉ፤ እርስዋም ድምፃቸውን ሰምታ አሸዋውን ትገልጣለች፤ የበሬ አጥንት በሚሰብረው መንጋጋዋ ቀስ አድርጋ ይዛ ወደ ውሃ ታደርሳቸዋለች። ዳርቻው እስከ ውሃው ጫፍ ከታረሰ ግን ይህ ሁሉ ድካም በአንድ ቀን ከንቱ ይሆናል።

ከከተማው ወዲያ፥ በአባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል፥ በ1966 ዓ.ም. የተከለለው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ስፋቱ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ነገር ግን መከለል ብቻውን አያድንም፤ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ቆርኬ በዚያ ሜዳ እጅግ ተመናምኗልና። ደግሞም አዞና ወፍ የፓርክ ድንበር አያውቁም፤ የላንቴ ዳር ቢራቆት ጉዳቱ በአንዱ ሐይቅ በኩል ለፓርኩም ይተርፋል።

የገበሬውም ችግር ሊዘነጋ አይገባም፤ ኑሮው ከመሬቱ ነው፤ አዞም ሰውንና ከብትን ይነጥቃል። ስለዚህ «አትረስ» ማለት ብቻ አይበቃም። የአገር ሹማምንት ከውሃው ጫፍ ጥቂት ስፍራ ለቄጠማው እንዲቀር ቢወስኑ፥ ለውሃ መቅጃና ለከብት መጠጫም የታጠረ ቦታ ቢያዘጋጁ፥ ሰውም አውሬም ያርፋል።

ወላጆች ሆይ፥ ይህን ለልጆቻችሁ ንገሩ። አዞ እንኳ ልጆቿን በጥርሶቿ መካከል አሳልፋ ለውሃው ታደርሳለች፤ እኛ ውሃውን ለልጆቻችን ሳናደርስ ብንቀር ምን መልስ ይኖረናል?