ያረጀ የሞተር ማስነሻ ቁልፍ ቤት፦ አለዋወጡና ከተሽከርካሪው ቁልፍ ጋር የማስማማቱ ሥራ

እንደሚታወቀው በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቅ ከተጎዱት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በሰፈራ በተወሰደ ጊዜ፣ ከፊሉ የሰፈረው በቀድሞው የኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ነበር። ለሰፋሪው የሚያስፈልገው እህል፣ ዘር፣ መድኃኒትና የእርሻ መሣሪያ የሚደርሰው በተሽከርካሪ ነበር፤ መቱም ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ርቃ ትገኛለች። ክፍለ ሀገሩ ዛሬ በዚያ ስሙ ባይኖርና መቱ የኢሉ አባ ቦር ዞን ከተማ ብትሆንም፣ ከበደሌ በያዩና በሁሩሙ አድርጎ ወደ መቱ፣ ከዚያም በጎሬና በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወርደው መንገድ የተሽከርካሪን አገልግሎት የሚፈትን እንደሆነ ይገኛል።

በዚህ መንገድ ለሚሠሩ አሮጌ ተሽከርካሪዎች መቆም ምክንያት የሚሆነው ሁልጊዜ ትልቅ ብልሽት አይደለም። ሞተሩ ደህና፣ ጎማው አዲስ፣ ነዳጁ ሙሉ ሆኖ ሳለ በተለምዶ ኳድሮ የሚባለው የማስነሻ ቁልፍ ቤት አልዞር በማለቱ ብቻ ጭነት በመንገድ ላይ ያድራል፤ በሽተኛም ሆስፒታል ሳይደርስ ይዘገያል። ስለዚህ የጉዳዩን ባሕርይ ማወቅ ለሾፌርና ለመካኒክ ብቻ ሳይሆን ተሽከርካሪ ለሚያሰማሩ ኃላፊዎችም አስፈላጊ ነው።

የቁልፍ ቤቱ አሠራር

በአሮጌ ላንድ ክሩዘርና በመሰል ተሽከርካሪዎች ላይ ያለው የማስነሻ ቁልፍ ቤት በሁለት ክፍሎች የተዋቀረ ነው። የፊተኛው ቁልፉ የሚገባበት ሲሊንደር ሲሆን፣ የኋለኛው ኤሌክትሪክ የሚያገናኘው ማብሪያ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ በጥቃቅን ሞላዎች የሚገፉ ስስ የናስ ቁራጮች ተደርድረዋል። ትክክለኛው ቁልፍ በገባ ጊዜ ጥርሶቹ እያንዳንዱን ቁራጭ ወደ ልኩ ያመጡታል፤ ሁሉም ከሲሊንደሩ ገጽ ጋር እኩል ሲሆኑ ሲሊንደሩ ይዞራል። አንዱ እንኳ ወጣ ብሎ ከቀረ ከግድግዳው ጋር ተይዞ መዞርን ይከለክላል።

ቁልፉ በሺህ ጊዜ ሲገባና ሲወጣ ጥርሶቹም ቁራጮቹም ይበላሉ። በኢሉባቦር ይህን የሚያፋጥኑ ምክንያቶች አሉ። በበጋ የመንገዱ ቀይ አፈር ከሲሊንደሩ ገብቶ እንደ ሞረድ ይፍቃል። አካባቢው በአገሪቱ ውስጥ ከፍተኛ ዝናብ ከሚያገኙት አንዱ በመሆኑ በክረምት እርጥበቱ ሞላዎቹን ያዝጋል። ከዚህም ሌላ ሾፌሮች የመጋዘንና የቤት ቁልፍ ሁሉ ከመኪናው ቁልፍ ጋር አንድ ላይ ስለሚያንጠለጥሉ፣ በኮረኮንች መንገድ ላይ የሚወዛወዘው ክብደት ሲሊንደሩን ያሰፋዋል።

ጉድለቱን ለይቶ ማወቅ

ከመለወጥ በፊት ጉድለቱ የት እንዳለ መለየት ተገቢ ነው። በመጀመሪያ መሪውን በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየነቀነቁ ቁልፉን መሞከር ይገባል፤ የመሪው መቆለፊያ ተጨንቆ ሊሆን ይችላልና። ቀጥሎ ብዙ ያልተሠራበት መለዋወጫ ቁልፍ ካለ እርሱ ይሞከር። ይህ ያለ ችግር ካዞረ የተበላው ቁልፉ እንጂ ሲሊንደሩ አይደለም። ቁልፉ በደንብ እየዞረ ሞተሪኖው ዝም የሚል ከሆነ ደግሞ ባትሪው፣ የኤሌክትሪክ ማብሪያው ወይም ሞተሪኖው ራሱ መመርመር አለበት።

የተበላን ቁልፍ አስመስሎ ማስቀረጽ መፍትሔ አይሆንም፤ አዲሱ ቁልፍ የአሮጌውን ጉድለት ይዞ ይወለዳልና። ትክክለኛው መንገድ ከቁልፉ ጋር በተሰጠው ትንሽ ብረት ላይ ወይም በቁልፍ ቤቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ይዞ በቁጥሩ ማስቀረጽ ነው። ለማለስለስም የሞተር ዘይት መጨመር አቧራን ስለሚሰበስብ አይመከርም። የግራፋይት ዱቄት የተሻለ ሲሆን፣ በሌለበት የእርሳስ ፍቅፋቂ ይተካዋል።

አለዋወጡ

ሲሊንደሩ መለወጥ እንዳለበት ከተረጋገጠ፣ ሥራው የሚጀመረው የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ በመፍታት ነው። ከዚያም በመሪው ምሰሶ ዙሪያ ያለው ሽፋን በካቻቢቴ ይፈታል። በብዙ ቶዮታዎች ቁልፉ ከመቆለፊያው ቦታ ወደ መጀመሪያው እርከን ከዞረ በኋላ፣ በጎን ባለች ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብቶ መያዣውን ጫን ሲሉት ሲሊንደሩ ወደ ውጭ ይሳባል። ቁልፉ ፈጽሞ የማይዞር ከሆነ ግን በትራፓኖ መብሳት ስለሚያስፈልግ ሥራው ለሠለጠነ ባለሙያ መተው ይኖርበታል። ባለሙያውም ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የተሽከርካሪውን ሊብሬና የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ መጠየቁ ግዴታው መሆኑ መታወቅ አለበት።

ከተሽከርካሪው ቁልፍ ጋር ማስማማት

አዲስ ሲሊንደር የራሱን ቁልፍ ይዞ ስለሚመጣ ሾፌሩ ለበር አንድ፣ ለሞተር ሌላ ቁልፍ ለመያዝ ይገደዳል። ይህን ለማስቀረት ቁራጮቹ በበሩ ቁልፍ ልክ እንደገና ይደረደራሉ። እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው ቅደም ተከተል አለ፤ አስቀድሞ አዲስ ቁልፍ በቁጥሩ ይቀረጻል፣ ቁራጮቹም በእርሱ ይለካሉ። በተበላው ቁልፍ ከተለኩ አዲሱ ሲሊንደር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተሳሳተ ልክ ይይዛል።

ሥራው በነጭ ጨርቅ ላይ ይከናወናል፤ ሞላዎቹ እጅግ ጥቃቅን በመሆናቸው በቀላሉ ይጠፋሉና። ቁራጮቹ አንድ በአንድ ወጥተው በተራ ቁጥር በወረቀት ላይ ይቀመጣሉ። ቁልፉ በባዶው ሲሊንደር ውስጥ እንዳለ ለየቦታው ከገጹ ጋር እኩል የሚሆነው ቁራጭ ተመርጦ ይገባል። የሚስማማ ቁራጭ ከታጣ፣ እንደ መቱና ጎሬ ባሉ ከመለዋወጫ ገበያ በራቁ ከተሞች፣ የቁራጩ ዓይነት አንድ ከሆነ እምብዛም ከማይከፈት የኋላ በር ቁልፍ ቤት መውሰድ ይቻላል። የወጣውን ቁራጭ በሞረድ ማስተካከል ግን ጥበቃውን ያላላል፤ ብዙ ቁራጮች ከተሞረዱ ማንኛውም ቁልፍ የሚያዞረው ቤት ይሆናል።

በመጨረሻም አዲሱ ቁልፍ ቢያንስ ሃያ ጊዜ ተደጋግሞ ይሞከራል፤ የሌላ መኪና ቁልፍ እንደማያዞረውም ይረጋገጣል። የመሪው መቆለፊያ መያዙና መልቀቁ መኪናው ቆሞ ሳለ ይፈተሻል። ቁልፉ ጠፍቶ ወይም ተሰርቆ ከሆነ የማስነሻውም የበሮቹም ቤቶች በአዲስ ልክ መደርደር አለባቸው።

በሽቦ ማስነሳት የሚያስከትለው አደጋ

ቁልፉ እንቢ ባለ ጊዜ ሽቦ አገናኝቶ ማስነሳት በየመንገዱ የተለመደ ሆኗል። ይሁን እንጂ በፊውዝ ያልተጠበቀ ሽቦ ሲግል እሳት ሊያስነሳ ይችላል። የናፍጣ ሞተር ማሞቂያው ካንዴሌታም ሳይሠራ ስለሚታለፍ በጎሬ ብርዳማ ጧት ሞተሩን ማስነሳት ያስቸግራል። ከሁሉም የሚከፋው እጅግ የተበላ ቁልፍ ቤት በጉዞ ላይ ቁልፉን መልቀቁ ነው፤ ሲሊንደሩ ወደ መቆለፊያው ቦታ ከተመለሰ መሪው ይያዛል። ከቡሬ ወደ ጋምቤላ ቆላ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ይህ ቢደርስ የሚጠፋው ንብረት ብቻ አይሆንም።

ስለዚህ ተሽከርካሪ የሚያሰማራ ክፍል ሁሉ የእያንዳንዱን መኪና የቁልፍ ቁጥር በመዝገብ መያዝ፣ መለዋወጫውን ቁልፍ በታሸገ ፖስታ በካዝና ማኖርና ከማስነሻው ቁልፍ ጋር ሌላ ክብደት እንዳይንጠለጠል መቆጣጠር ይኖርበታል። በውስጣቸው የኤሌክትሮኒክ ምልክት የያዙ የአዳዲስ ተሽከርካሪዎች ቁልፎች ግን በዚህ ዘዴ ብቻ ስለማይሠሩ ለየት ያለ መሣሪያ ወዳለው ባለሙያ መላክ አለባቸው። ለአሮጌዎቹ ግን በጊዜው የተደረገ አነስተኛ ጥገና የተጫነው እህል ለሚጠብቀው ሕዝብ በቀኑ እንዲደርስ ያስችላል።