ወሬውን ማን አየ?

ባለፈው ወር፣ በወልቂጤ አጠገብ በምናስተምርበት ጣቢያ፣ አንድ ጎረምሳ የተቃጠለ አውቶቡስ ፎቶ በስልኩ ይዞ መጣ። ከሥሩ «ዛሬ በቡታጅራ መንገድ የሆነ» የሚል ተጽፏል። ያደረሰውንም ሰፈር በስም ይጠራል። ከተማሪዎቻችን የአንዷ እናት ልጅ በዚያ መስመር ረዳት ነው። እርሳሱ ከእጃቸው ወደቀ። ከኋላ የተቀመጡት «ምን እንጠብቃለን?» እያሉ ዱላቸውን አነሡ።

እኛ አስተማሪዎቹ ደንግጠን ዝም አልን። የተናገሩት በጉብዝናቸው በአውቶቡስ ረዳትነት የሠሩ አንድ አባት ናቸው። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ «በሩ በግራ ነው እኮ! የኛ አገር አውቶቡስ በሩ በቀኝ ነው» አሉ። ዱላዎቹ ተቀመጡ። የእናቲቱም ልጅ ማታ ደወለ፤ ደኅና ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ፊደል ስንለይ የተጻፈ ሁሉ እውነት ይመስለናል። ጽሑፍ ግን ይዋሻል። ዝም በማለትም ይዋሻል። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ ጋዜጣም ራዲዮም ነበረ። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ይታተም ነበር። የመንግሥት ነበሩና ረሃቡን በግልጽ አልነገሩም። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ወሎ ሄዶ ያነሣው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ያን ጊዜ ዓለም ሰማ።

ፊልሙ ኋላ በኛም አገር ታየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተላለፈ። በረሃብተኞቹ መካከል ግን የቤተ መንግሥት ድግስ ተቀጥሎበት ነበር። ረሃቡ እውነት ነው፤ ድግሱም ተደርጓል። ሁለቱን የቀጠለው ሰው ግን የራሱ ጉዳይ ነበረው።

ዛሬ የመንግሥት፣ የግል፣ ከውጭ አገር የሚናገርም ጣቢያ አለ። እያንዳንዱ ባለቤት አለው። ቆጮ የሚገዛ ሰው የተጠቀለለበትን ቅጠል አይቶ ብቻ አይከፍልም፤ ገልጦ ያሸታል። ወሬውንም እንዲሁ እንግለጠው። የተናገረው ሰው ቦታው ነበር? ቀኑን ጽፏል? የተከሰሰውን ወገን ጠይቋል? ሌላስ ማን ተናገረው? ከሁሉ በላይ፣ አንብበን ምን እንድናደርግ ይፈልጋል? ቶሎ ተነሡ የሚል ወሬ ሲመጣ እኛ ቀስ እንላለን።

ጎረምሳው በሳምንቱ ሌላ ወሬ ይዞ መጣ። እኛ አፋችንን ሳንከፍት እኒያ እናት «ማን አየ? መቼ?» አሉት። ስልኩን ኪሱ ከተተና ደብተሩን አወጣ።