ከፍርድ በፊት ማወቅ፦ ሕንድ ስለ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች የተጓዘችው መንገድና የእኛ ሰፈር

ማታ ማታ በቴሌቪዥን የሕንድ ድራማ የሚከታተል የፍኖተ ሰላም ወይም የቡሬ ቤተሰብ የሕንድን ቤት በደንብ ያውቀዋል። ሙሽራ የሚመርጡት ወላጆች ናቸው፤ አማት ትፈራለች፤ የአንድ ልጅ ጉዳይ የዘመድ አዝማዱ ሁሉ ጉዳይ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ሰው ምን ይለናል?» የሚለው ፍርሃት ቤቱን ይገዛዋል። ይህ ሁሉ ከጎጃም ቤት ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ሕንዶች ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ያላቸው አመለካከት እንዴት መለወጥ እንደጀመረ ማወቅ የአውሮፓንና የአሜሪካን ወሬ ከመስማት ይልቅ ለእኛ ይቀርበናል።

ይህ ጽሑፍ ማንንም ከሃይማኖቱ ለማስወጣት የተጻፈ አይደለም። አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉና፣ የምንፈርድበትን ሰው አስቀድመን እንወቀው ነው ነገሩ።

ነገሩ ምንድን ነው?

ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ የሚባለው ልቡ ወደ ራሱ ጾታ የሚሳብ ሰው ነው፤ ወንዱ ወንድን፣ ሴቷ ሴትን። ብዙዎቹ ይህን ስሜት የሚያውቁት እኩዮቻቸው ስለ ኮረዳና ስለ ጎረምሳ ማውራት በሚጀምሩበት በጉርምስና ዕድሜ ነው። ስሜቱን መርጠው አላመጡትም። ሳይንስም አንድ ነጠላ ምክንያት አላገኘለትም። እ.ኤ.አ. በ2019 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ፣ ከ470,000 በላይ ሰዎችን የዘረመል መረጃ የመረመረ ጥናት «ይህ ነው» ተብሎ የሚጠቆም አንድ ዘረመል እንደሌለ፣ ብዙ ጥቃቅን የዘር ተጽዕኖዎችና ሌሎች ሁኔታዎች ተደማምረው እንደሚሠሩ አሳይቷል።

በሽታም አይደለም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1973፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ከበሽታዎች ዝርዝር አውጥተውታል። የሕንድ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2018 ይህንኑ በይፋ ተናግሯል። በሽታ ካልሆነ የሚድን ነገር የለም፤ በዱላም ሆነ በግድ ጋብቻ አይለወጥም። የሚጎዳው ግን የሰውየው አእምሮ ነው።

ከዚህ ጋር የሚምታታ አንድ ከባድ ጉዳይ አለ። በሕፃናት ላይ የሚፈጸም የወሲብ ጥቃት ሲነሳ ብዙ ሰው ወዲያውኑ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን ያስባል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ሕፃንን የሚደፍር ሰው፣ ሕፃኑ ወንድም ይሁን ሴት፣ ወንጀለኛ ነው፤ የወንጀል ሕጋችንም በተመሳሳይ ጾታ ሕፃናት ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት በአንቀጽ 631 ለብቻው አስቀምጦታል። ልጆቻችንን ከደፋሪ እንጠብቅ ማለትና በዕድሜ የደረሰን ሰው በስሜቱ ምክንያት እናሳድድ ማለት ለየቅል ናቸው።

ሕንድ፦ ከቤት ወደ ፍርድ ቤት

ሕንድ ውስጥ የተመሳሳይ ጾታ ወሲብን ወንጀል ያደረገው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 377 ሲሆን ያወጡት እንግሊዞች ናቸው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1860 ነው። ቅጣቱ እስከ ዕድሜ ልክ እስራት ይደርስ ነበር። እንግሊዝ ከወጣች በኋላም ሕጉ ሰባት አሥርት ዓመታት ቆየ።

ሕጉ በኅብረተሰቡ ውስጥ ምን ያደርግ እንደነበር ለማየት የልዑል ማንቬንድራ ሲንግ ጎሂልን ታሪክ መመልከት ይበቃል። በጉጃራት የራጅፒፕላ ንጉሣዊ ቤተሰብ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በቤተሰቡ ምርጫ ተዳረ፤ ትዳሩ ግን አንድ ዓመት ያህል ብቻ ቆይቶ ፈረሰ። እውነቱን እ.ኤ.አ. በ2006 በጋዜጣ ሲናገር የአገሩ ሰዎች ምስሉን በእሳት አቃጠሉ፤ ወላጆቹም ልጃችን አይደለም አሉ። እርሱ ግን ከአገሩ አልሸሸም። ከጊዜ በኋላ ከአባቱ ጋር ታረቀ፤ ከቤት የተባረሩ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች የሚጠለሉበትን ስፍራም በራሱ ይዞታ ላይ ማሠራት ጀመረ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የተጎዳው ልዑሉ ብቻ አይደለም። ምንም ሳታውቅ የተዳረችው ወጣትም ተጎድታለች።

የፍርድ ቤቱ ክርክር የተነሳው ከጤና ሥራ ነው። ናዝ ፋውንዴሽን የተባለ በኤች አይ ቪ ላይ የሚሠራ ድርጅት ሕጉ ሰዎችን እያስፈራራ ከሕክምና እንዳራቃቸው በማስረዳት እ.ኤ.አ. በ2001 ክስ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2009 የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአዋቂዎች መካከል በፈቃድ የሚደረገው ወንጀል መሆኑ እንዲቀር ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሻረው። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. መስከረም 6 ቀን 2018፣ ማለትም ጳጉሜን 1 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ አምስት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች በአዋቂዎች መካከል በፈቃድ የሚደረገው ወንጀል መሆኑ እንዲቀር በአንድ ድምፅ ወሰኑ። ከመካከላቸው ኢንዱ ማልሆትራ የተባሉት ዳኛ ታሪክ ለእነዚህ ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው ይቅርታ ሊጠይቅ እንደሚገባው ጽፈዋል።

ልብ ማለት የሚገባን ግን ከዳኞቹ በፊት የተናገሩትን ነው። ገና በክርክሩ ሂደት ሚና ሳራን የተባሉ እናትና ሌሎች ወላጆች ለልጆቻቸው ለመከራከር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘንድ ቀርበው ነበር። ሙምባይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 «ስዊካር» የተባለ የወላጆች ማኅበር ተመሠረተ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ400 በላይ ወላጆች ለዋና ዳኛው ደብዳቤ ጻፉ። እናት ስትናገር ጎረቤት ይሰማል። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም እንደመዘገበው የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን ኅብረተሰቡ ሊቀበላቸው ይገባል ያሉ ሕንዳውያን ቀደም ሲል 15 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 37 በመቶ ሆኑ።

ሥራው አላለቀም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን አላጸድቅም፣ ይህ የምክር ቤቱ ሥልጣን ነው ብሏል። ከሕንዳውያንም ብዙዎቹ ገና አልተቀበሉም።

እኛስ?

በኢትዮጵያ ድርጊቱ በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም፣ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629ም ወንጀል ነው፤ መሠረታዊው ቅጣት ቀላል እስራት ነው። የሕዝቡም አስተያየት የተለየ አይደለም፤ ፒው እ.ኤ.አ. በ2007 ባደረገው ጥናት ከተጠየቁት ኢትዮጵያውያን 97 በመቶው ኅብረተሰቡ ሊቀበላቸው አይገባም ብለዋል።

ጉዳዩ አደባባይ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በቁጣ ነው። በ2004 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከተካሄደው የአፍሪካ የኤድስ ጉባኤ በፊት የሃይማኖት አባቶች በጉዳዩ ላይ ሊደረግ የታሰበውን ውይይት ተቃውመዋል። በ2006 ዓ.ም. ድርጊቱን ይቅርታ ከማይደረግላቸው ወንጀሎች ጋር ለማካተት ተሞክሮ ቀርቷል፤ ታስቦ የነበረው የተቃውሞ ሰልፍም ተሰርዟል። በ2011 ዓ.ም. የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መንገደኞችን የሚያስጎበኝ አንድ የአሜሪካ ድርጅት ላሊበላን ጨምሮ ሊያካሂድ ያቀደው ጉዞ የግድያ ዛቻ አስከትሏል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአዲስ አበባ አስተዳደር ድርጊቱ ይፈጸምባቸዋል በሚል ሆቴሎችንና መጠጥ ቤቶችን መፈተሽ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት በቲክቶክ የሰዎችን ፎቶና ስም እያወጡ ለጥቃት መጥራት ተበራክቶ ነበር።

«ነገሩ ከውጭ የመጣ ነው» ለሚል ሰው አንድ የጥናት ማስረጃ አለ። ሳይመን ሜሲንግ የተባለ አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1957 ባቀረበው የዶክትሬት ጥናቱ በአማራ ደጋማ አካባቢ እንደ ሴት የሚኖሩ ወንዶች እንደነበሩ፣ ሰዉም የአፈጣጠር ጉዳይ ነው ብሎ እንደሚታገሣቸው መዝግቧል። ይህ ስለ አለባበስና ስለ አኗኗር እንጂ ስለ ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ቢሆንም ከተለመደው የተለየ ሰው በአያቶቻችን ዘመንም እንደነበረ ያስረዳል።

ዛሬም በጃቢ ጠህናን ወይም በቡሬ ዙሪያ ገጠር የተወለደ፣ ከቤቱ ስንቅ እየተላከለት ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር አንድ ጎረምሳ ይህ ስሜት ሊኖረው ይችላል። ሲጨንቀው ለማን ይነግራል? ለአባቱ ቢነግር ይባረራል፤ ለጓደኛው ቢነግር ወሬው ቅዳሜ ገበያ ይደርሳል። ዝም ካለ ዕድሜው ሲደርስ ሽማግሌ ተልኮ ይዳራል፤ ያን ጊዜ ሁለት ሰዎች ይጎዳሉ።

ከየት እንጀምር?

ሕግ መለወጥ የምክር ቤት ሥራ ነው፤ የሕግ ለውጥ የማያስፈልገው፣ እምነትም የማይከለክለው ሥራ ግን ብዙ ነው። ወላጅ የሆነ ሰው ልጁ ሲነግረው ከቤት አያባርረው፤ በመንገድ የተጣለ ልጅ ከሱስና ከጥቃት አይተርፍም። ለግድ ጋብቻም አይቸኩል፤ የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ይሁን ይላል። መምህር በክፍሉ ውስጥ «እንደ ሴት ይሄዳል» እየተባለ የሚሾፍበትን ተማሪ ይከላከል። የጤና ባለሙያ ታካሚውን አያሸማቅቅ፤ የታካሚውን ምስጢር መጠበቅ የሙያው ግዴታ ነው። የነፍስ አባትም የሰሙትን ጓዳ ውስጥ የማስቀረት የቆየ ልምድ አላቸው፤ እዚህም ይጠቀሙበት። ወጣቱ ደግሞ የሰው ፎቶ ሲላክለት አያስተላልፍ። ድብደባም ሆነ ዛቻ፣ የተደበደበው ማንም ይሁን፣ ወንጀል ነው።

ሕንድን የለወጣት ፍርድ ቤት ብቻ አይደለም፤ ልጃቸውን ከቤት ያላባረሩ፣ ሲጠየቁም ያልካዱ ወላጆች ናቸው። እርስዎም ልጅዎ፣ ወንድምዎ ወይም እህትዎ ይህን ሲነግሩዎት መልስ ቢያጡ እንኳ በሩን አይዝጉ፤ ማዳመጥ ይቅደም።